የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል

(ረዘም ይላል። ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። ሳታነቡ ላይክ አታድርጉ፤ መሃል ላይ ትናደዱብኝ ይሆናል።)

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከገጽ ገጽ እየዞረ ነው። ባዶ እግሩን የሆነ፣ ልብሱ ከላዩ ላይ ያለቀ ሰው አስፋልት ዳር ቆሞ ስለ ኑሮ፣ ስለ ሹም፣ ስለ ሰማይ ቤት ይናገራል። የሚቀርጸው ልጅ ሳቁን ማፈን ስላቃተው ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ከላይ ደግሞ «በዚህ አገር እውነት የሚናገር እብድ ብቻ ቀረ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ከኔ ጓደኞች ብቻ አሥራ አራት ሰው አጋርቶታል። ስድስቱ መምህራን ናቸው። ሁለቱ ግጥም ይጽፋሉ።

እኔ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሰውየው በትክክል ምን እንደሚል ልስማ ብዬ። «እውነት» የተባለው ከመሃል የወጣች አንዲት የሽንኩርት ዋጋ ነገር ናት። የቀረው ሁሉ ፍርሃት ነው። የሚከታተሉት ሰዎች እንዳሉ፣ ሌሊት እንደሚጠሩት፣ እንቅልፍ እንደነሱት ነው የሚናገረው። ይሄንን ግን ከአሥራ አራቱ አንድም የሰማው የለም። ስሙ ማነው? ከየት መጣ? ቁርስ በልቷል? ብሎ ኮሜንት የጻፈም አላየሁም። ሁለት መቶ ምናምን የሳቅ ምልክት ግን አለ።

የዛሬው ጠቤ ከዚህ ነገር ጋር ነው። ከሚቀርጸው ልጅ ይልቅ ደግሞ ከእኛ፣ መጽሐፍ እናነባለን ከምንለው ሰዎች ጋር። «እብድ እውነት ይናገራል» የሚለውን ነገር ለሕዝቡ ያስተማርነው እኛ ነን። ላበደ ሰው የምናዝን መስለን መሃል ገባንና ለተወርዋሪው ምቹ አደረግንለት። «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» የምትለዋ ተረት ስለ ደራሲና ስለ አማርኛ መምህር የተነገረች እየመሰለችኝ ነው።

እስቲ የምንወዳቸውን እብዶች እንቁጠራቸው።

አንደኛው ዳዊት ነው። ከሳኦል ሸሽቶ ጌት ንጉሥ አንኩስ ዘንድ ሲደርስ ማንነቱ ታወቀበትና ፈራ። ስለዚህ እብድ መሰለ፤ የበሩን መዝጊያ ቧጨረ፣ ለሃጩን በጢሙ ላይ አዝረበረበ። ንጉሡም ምን ሊያደርግልኝ አመጣችሁብኝ ብሎ አሰናበተው። ሁለተኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያስመጣልን ሐምሌት ነው። የአባቱን ገዳይ እስኪያጣራ ድረስ እብድ መስሎ ሊኖር አስቦበት የወሰነ ልዑል ነው። ሦስተኛው የኛው ጉዱ ካሣ ነው። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በመጽሐፍ፣ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ፣ የዘመኑን ግፍ አይቶ በመናገሩ ብቻ እብድ የተባለ ሰው መሆኑን ያልሰማ የለም። አራተኛው የቅርቡ እያዩ ፈንገስ ነው። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን መድረክ ላይ የሚጫወተው፣ ፌስታሉን ይዞ አገሩን የሚተች «እብድ»። ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ ነው ያየው።

አሁን ልጠይቃችሁ። ከአራቱ ያበደው የትኛው ነው?

ዳዊት አላበደም። ሐምሌት አላበደም፣ ቢያንስ ሲጀምር አስመስሎ ነው። ጉዱ ካሣ ዲማ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የተሻለ ጤነኛ ነው። እያዩም የሚናገረው ነገር ጫፍና ጫፉ የተያያዘ፣ የተመዘነ፣ በስንኝ የተዋበ ነው። እብደት ለሁሉም ካባ ነው። ንጉሥ ፊት ማለፊያ፣ ሳንሱር ማምለጫ፣ ሹም ሳይከስህ የልብህን መናገሪያ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ያስፈልግ እንደነበረ እኔም አውቃለሁ። ጸሐፊዎቹንም ተዋናዩንም አከብራለሁ። ነገር ግን ካባው የተወሰደው ከሆነ ሰው ላይ ነው። ባለቤቱ ብርድ ላይ ቀርቷል።

እዚያው ሐምሌት ውስጥ በእውነት ያበደች አንዲት ልጅ አለች፤ ኦፊሊያ። አባቷ ተገድሎባት፣ ፍቅሯ ገፍቷት ልቧን የሳተች። የምትናገረው የተበጣጠሰ ዘፈን ነው፤ ማንም ቁም ነገር አያወጣበትም። ውኃ ውስጥ ገብታ ሞተች። በተማሪ ወረቀት ላይ ስለ ሐምሌት አምስት ገጽ ይጻፋል፣ ስለ ኦፊሊያ አንድ መስመር። አስመስሎ ያበደው ጀግና ሆነ፣ እውነቱን ያበደችው የጀግናው ታሪክ ማሳመሪያ ሆነች።

«ፍቅር እስከ መቃብርን አትንካብን» የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ኧረ አልነካሁም። እኔ የምነካው የምናስተምርበትን መንገድ ነው። ፈተና ላይ «ጉዱ ካሣ ለምን እብድ ተባለ?» ብለን እንጠይቃለን። ተማሪውም «ከዘመኑ የቀደመ አስተሳሰብ ስለነበረው» ብሎ ይጽፋል፣ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ከዚያ ደወል ይደወልና ከግቢ ወጥቶ መናኸሪያ አካባቢ የሚውለውን ሰውዬ በድንጋይ ያባርራል። ልጁ አልተጋጨበትም። እኛ ያስተማርነው እብድ የተባለ ጤነኛን እንዲያከብር ነው። የታመመን ሰው በተመለከተ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አላስተማርነውም።

ቋንቋችንንም ተመልከቱት። ቀወሰ፣ ነካ ያደርገዋል፣ ለየለት፣ ጨርቁን ጣለ፣ ወፈፌ፣ ንክ። ለስድብና ለቀልድ የሚሆን ቃል ሞልቶናል። አሁን ደግሞ ልጆቹ «ያበደ ስልክ»፣ «ያበደ ሠርግ» ይላሉ፣ በጣም ቆንጆ ለማለት ነው። አልቃወምም፣ ቋንቋ እንዲህ ነው። ግን አንድ እናት «ልጄ ታሞብኛል» ለማለት ስትፈልግ የትኛውን ቃል ታንሳ? የጉበት ታማሚ ጉበቱን አመመው ይባላል። ይሄኛው ግን በሽታውን ራሱን ይሆናል፤ ስሙ ይጠፋና «እብዱ» ተብሎ ይቀራል። ተረቶቻችንም አላገዙም። «እብድና ብርድ ያስቃል በግድ» እንላለን። ከሁሉ የከፋችው ግን «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የምትለዋ ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ። የት ትምህርት ቤት እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ አልናገርም። እንደ ብዙዎቹ የፎገራ ልጆች ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ስንቅ እያመጣ የሚማር ልጅ ነው። ጎበዝ ነበር። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ እየተለወጠ መጣ። መጀመሪያ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ሄደ። ቀጥሎ ብቻውን መሳቅ ጀመረ። አንድ ቀን ደብተሩን ይዞልኝ መጥቶ «መምህር፣ ሌሊት ሌላ ሰው እየገባ ይጽፍበታል» አለኝ። ጽሑፉ የራሱ ነው። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ሌሊቱን ሙሉ እንደማይተኛ ነገሩኝ።

ምን ተባለ መሰላችሁ? መምህራን ክፍል ውስጥ «ትምህርት በዛበት» ተባለ። ዲግሪ ያለው ሰው ነው ያለው እንግዲህ! ልጆቹ «መጽሐፍ አሳበደው» አሉ። አከራዩዋ «መስተፋቅር ነው» አሉ። ትምህርት ቤቱ ለሌሎች ተማሪዎች ደኅንነት ሲባል ወደ ቤተሰቡ ይሂድ ብሎ ወሰነ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ ያለ ግን አልነበረም። እናቱ ሊወስዱት ሲመጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «መምህር፣ ልጄን ዓይን በላብኝ፣ ጎበዝ ነው ጎበዝ ነው ብላችሁ» አሉኝ። ምን ይመለሳል? «እናቴ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ይድናል» አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

«ትምህርት አሳበደው» የሚባለው ነገር የመጣበት ምክንያት አለው፣ እንዲያው ዝም ብሎ አልተፈጠረም። ከባዶቹ የአእምሮ ሕመሞች፣ በተለይ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያ ዕድሜ ደግሞ የዘጠኝኛ፣ የአሥራ ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ነው። የቆሎ ተማሪውም ቅኔ የሚዘርፍበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ በሽታው ሲመጣ ልጁን መጽሐፍ ይዞ ያገኘዋል፤ እኛም መጽሐፉን ከሰስን። ድሮም ሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴን መጽሐፍ በማብዛት ያበደ አድርጎ ጽፎ ዓለምን አስቋል። (በአብነት ትምህርት ቤት «ትምህርት ይገለጥልሃል» እየተባለ የሚጠጣው አስተናግር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በእውነት መርዝ ነው፣ በእውነትም ያዘባርቃል።)

እና የመምህር ዓይን እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ከወላጅ ቀድሞ፣ ከሐኪም ቀድሞ ለውጡን የምናየው እኛ ነን። ካየንም ቀድመን ልንልክ እንችላለን። ነገር ግን በጭንቅላታችን ያለው እብድ ፌስታል ይዞ የሚፈላሰፈው ስለሆነ፣ ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ልጅ አይታየንም። በሽታው ጸጥ ብሎ ነው የሚገባው። ንግግር የለውም። ጭብጨባ የለውም።

ልጁ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ቤት ውስጥ በገመድ ታስሮ ከረመ። ጨካኝ ቤተሰብ እንዳይመስላችሁ። እናቱ አጠገቡ ነው የሚተኙት። ያሰሩት ጉማራ ሞልቶ ሳለ ሌሊት ወጥቶ ሊገባበት ሲል ደርሰው ነው። ሌላ ምን ያድርጉ? ለነሱ የሚታያቸው ሁለት መንገድ ነው፤ ገመድ ወይም ወንዝ።

ገመዱን ደግሞ ሕጋችንም ያውቀዋል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 341 እና 342 ላይ፣ አንድ ሰው እብደቱ «በግልጽ የታወቀ» ነው የሚባለው መቼ እንደሆነ ተቀምጧል። አንዱ መለኪያ በሕመሙ ምክንያት ሆስፒታል ወይም መሰል ቦታ መግባቱ ነው። ነዋሪው ከሁለት ሺህ በታች በሆነ የገጠር ቀበሌ ግን፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ከሆነና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ካደረገው በቂ ነው። ጉዳዩ ስለ ውልና ስለ ንብረት ነው፣ ሐኪም የሌለበትን አገር እውነታ ለመቀበል የተጻፈ ነው፤ ይገባኛል። ግን አስቡት። ለከተማው ሰው ማስረጃው አልጋ ነው፣ ለፎገራው ገበሬ ልጅ ማስረጃው ገመድ ነው።

ቤተሰብ የሚደብቀውስ ለምንድን ነው? ያገራችንን ጋብቻ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠየቃል። «እነሱ ቤት እብድ አለ» ከተባለ እህቶቹም አያገቡ፣ ወንድሙም አያገባ። ስለዚህ የታመመው ጓዳ ይገባል። ይሄን ከኪሴ አላመጣሁትም። በጉራጌው ቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዘመዶች ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ178ቱ ዘመዶች ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። 37 በመቶው ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ አልሸሸጉም። እዚያው ቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጣርቶ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው መካከል ከዚያ በፊት መድኃኒት ያገኘው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

ጓዳ ስል ትዝ ያለኝን ልናገር። «ጄን ኤር» የተባለውን የእንግሊዝ ልብ ወለድ ያነበባችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የጌትየው ሚስት ስላበደች ሰገነት ላይ ተቆልፎባት ትኖራለች። በ1847 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ሴትየዋ እንደ አውሬ ትጮኻለች፣ ቤት ታቃጥላለች፣ በመጨረሻ ትሞትና ለጀግናዋ ጋብቻ መንገዱን ትለቃለች። መቶ ሃያ ዓመት ገደማ አለፈና ጂን ራይስ የተባለች የካሪቢያን ተወላጅ ደራሲ ተነሥታ «ይቺ ሴት እኮ ስም ነበራት፣ ልጅነት ነበራት» ብላ ታሪኩን ከተቆለፈችው ሴት ወገን ሆና ጻፈችው። የቀድሞ ስሟን መለሰችላት፤ አንቷኔት። እኔ ከአማርኛ ልብ ወለድ የምጠብቀው ይሄንን ነው። ከጓዳው ወገን የሚጻፍ። የገመዱን እከክ የሚያውቅ። እናትየዋ ለጎረቤት «አጎቱ ጋ ሄዷል» ብለው ሲዋሹ የሚሰማቸውን የሚያውቅ። እንደ ዶ/ር ምሕረት ደበበ ያሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ልብ ወለድ መጻፋቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ነገሩ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም።

ጠበሉ ላይ ምን ትላለህ የሚለኝ አይጠፋም። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ጠበል አልሳደብም። ከኛ ሕዝብ ስንቱ ደራ ወዳለው ዋንዛዬ እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ እኔም ወርጃለሁ። እዚያ የታመመ ሰው ቢያንስ ሰው ተብሎ ይቀመጣል፣ ይጸለይለታል፣ ከገበያ መሃል የተሻለ ክብር ያገኛል። ጥሌ «ጠበል ከጀመርክ መድኃኒት አቁም» ከሚለው ጋር ነው። እንጦጦ ማርያም ላይ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተነጋግረው ታማሚው ጠበሉንም ክኒኑንም አብሮ እንዲወስድ ሠርተዋል። እዚያ ከተቻለ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በዚያ ላይ እኛ ሩዝ ውኃ ውስጥ የሚያበቅል ወባማ ሜዳ ላይ ነን። ከመስከረም እስከ ኅዳር ድንገት ትኩሳት ይዞት የሚዘባርቅ ሰው ካያችሁ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያ ሰዓታት የማይሰጥ ሕመም ነው። ጠበልም ቢሆን ከጤና ጣቢያው መልስ ይደርሳል።

ደግሞ መጽሐፉን ራሱን እናንብበው። በመቃብር ስፍራ የሚኖረው፣ በሰንሰለት የማይያዘው ሰው ታሪክ ማርቆስ ወንጌል ላይ አለ። ስንሰብክ ሰንሰለቱንና እሪያዎቹን ነው የምናገነው። መጨረሻውን ግን አያችሁት? ሰውየው ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጧል፤ ልከተልህ ቢልም ጌታ ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ነው የላከው። ናቡከደነፆርም እንደ በሬ ሣር ሲግጥ ከርሞ አእምሮው ሲመለስ መኳንንቱ ፈልገውታል፣ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። «እስከ እኩለ ቀን ነው» ያለው የለም።

የኔን ተማሪ ግን ሁሉም እንዲያ ነው ያለው። በመጨረሻ አንድ ዘመዱ ባሕር ዳር ወሰደው። በየወሩ የሚወጋ መርፌ ተጀመረለት። ዛሬ ከአባቱ ጋር ሩዝ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ባለፈው ኅዳር አውድማ ላይ አግኝቼው ስለ እግር ኳስ አውርተናል። ጥሩ ገበሬ ወጥቶታል። ነገር ግን መሬት ቢጠይቅ «ቆይ እስቲ ይረጋ»፣ ልማር ቢል «እንዳይነሣበት»፣ ሚስት ቢፈልግ ዝም። እንደ ማንኛውም ወጣት ቢናደድ «ጀመረው!» ይባላል። ጤናው ተመልሷል፣ ዙፋኑን የሚመልስለት ጠፋ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መርፌው ይቀርበታል፤ ባለፉት ዓመታት መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ እናንተም ታውቃላችሁ። መርፌው ሲቀር ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ተረተኛው «አላልኳችሁም?» ይላል።

ሐኪሙም እንደ ልብ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግን ከወረታ ተነሥቶ ባሕር ዳርም ጎንደርም በቀን መድረስ ይቻላል፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ስለዚህ «ሕክምና የለውም» የሚለው ሰበብ እንደ ድሮው አይሠራም።

ለመምህራን ጓደኞቼ፣ ጉዱ ካሣን ስታስተምሩ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ጉዱ ካሣ በእውነት ታሞ ቢሆን ኖሮ ትወዱት ነበር?» በሉና ክፍሉን አዳምጡት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አርባ ደቂቃ አይበቃም። ለግጥም ጸሐፊዎቹ፣ መንግሥትን መውቀስ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ አፍ ውቀሱ። ካልደፈራችሁም ይገባኛል፣ ግን የታመመ ሰው አፍ አትዋሱ። ለድራማ ክበብ ልጆቼ ደግሞ ዘንድሮ ለመዝጊያው በዓል የምታዘጋጁት ድራማ ላይ እብድ ካለ ስም ይኖረዋል፣ እናት ይኖረዋል፣ ፊቱም ከሰል አይቀባም ብያለሁ። «ታዲያ በምን ይሳቃል?» ብለውኛል። ሌላ ገጸ ባሕርይ ፈልጉ። ርእሰ መምህር አለላችሁ፣ እኔም አለሁ።

የዚያን ሰውዬ ቪዲዮ ኮሜንት ላይ የሚለጥፍ ካለ አጠፋዋለሁ። ሰውየውን የሚያውቀው፣ ወይም ቤተሰቡ የት እንዳለ የሰማ ካለ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።